«በነጻ» የመጣ ጨዋታ ምን ያስከፍላል?

በካይሮ ሜትሮ ስንሳፈር ብዙዎቻችን መንገዱን በስልክ ጨዋታ እናሳጥራለን። በነጻ መገኘቱ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 የስልክ ፕሮግራሞች መደብሩን ሲከፍት የሚሸጥ ጨዋታ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያበቃ ነበር። በ2009 በጨዋታው ውስጥ መሸጥ ተፈቀደ፤ ንግዱም መልኩን ለወጠ። በ2012 የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ 5 ነፍስ ይሰጣል፤ ሲያልቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል። መጠበቅ ያቃተው ይከፍላል። እንግዲህ ለገበያ የቀረበው ትዕግሥት ማጣታችን ነው።

ገበጣ አንዱ ሲሸነፍ ያበቃል፤ ይህኛው ግን መጨረሻ እንዳይኖረው ሆኖ ተሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከቁጥጥር የወጣ ጨዋታን እንደ ሕመም አስፍሯል።

ወገኖች፣ የወር ድጎማችን ውሱን፣ የጥናት ሰዓታችንም ከዚያ የጠበበ ነው። የጨዋታውን ማብቂያ ራሳችን እንወስን።