የጓሮ ጎመን፣ የአፍዴራ ጨው

ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ለቆመ ሰው፣ አዲስ አበባ ከየት እንደምትበላ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃንና ከደሴ መስመር ከገቡት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ጆንያ ይወርዳል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ቅቤ፣ አልፎ አልፎም እግሯ የታሰረ ዶሮ። አብዛኛው ዘመድ ለዘመድ የላከው ነው። ከአስፋልቱ ገባ ሲባል ደግሞ በየግቢው ጎመን በጆንያ አፈር ላይ በቅሏል፤ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ዶሮ ይጮኻል። በኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ብዙ ቤተሰብ ከገበያ ተላቅቆ የራሱን አምርቶ፣ የአገሩን ብቻ በልቶ የመኖር ምኞት እንዲያድርበት አድርጓል። ምኞቱ ደግ ነው። አብረውት የሚወሩት ነገሮች ግን ሁሉም እውነት አይደሉም።

በጣም የተለመደው «ግቢ ያለው ሰው ምን ቸግሮት ይገዛል?» የሚለው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በአገር አቀፍ ደረጃ የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል አካባቢ ነው። ባለ 200 ካሬ ግቢ፣ ቤቱም ኩሽናውም ፈርሶ ከአጥር እስከ አጥር ቢታረስ፣ 36 ኪሎ ጤፍ ይሰጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም ዱቄት ብቻ ቢመድብ፣ ያ ምርት በ24 ቀን ያልቃል። የቀረውን አስራ አንድ ወር የሚሸፍነው ምንጃር፣ አድአና ጎጃም ነው። ከፍታውም ገደብ አለው። ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይስማማሉ፤ ቲማቲምና በርበሬ ግን ብርዱን አይወዱም። ቲማቲሙ ከመቂና ከዝዋይ፣ በርበሬው ከማረቆና ከሀላባ የሚመጣው ነጋዴ ስለፈለገ ብቻ አይደለም።

«አባቶቻችን የአገራቸውን ብቻ በልተው ነው ጠንካራ የነበሩት» ሲባልም ይሰማል። ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግ፣ ጌሾና ቡና በእርግጥ የዚሁ ምድር ልጆች ናቸው። በርበሬ ግን መነሻው አሜሪካ ሲሆን፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ማንም ኢትዮጵያዊ በርበሬ ያለበት ወጥ አልቀመሰም። በቆሎ፣ ዱባና ቲማቲምም ከዚያው አህጉር ናቸው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። ዛሬ «ባህላዊ» የሚባለው ገበታ ግማሽ ያህሉ መጤ ነው፤ ለዚህም ነው የጣፈጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእንቁላሉ ክርክርማ በየሱቁ አለ። «የአበሻ እንቁላል» ከ«ፈረንጅ እንቁላል» ይልቅ ኃይል አለው ተብሎ በውድ ይሸጣል። የአስኳሉ ቢጫነት የሚወሰነው ዶሮዋ በምትበላው ቅጠልና ጥሬ ቀለም እንጂ በዘሯ አይደለም። ግራም ለግራም ሲመዘን ፕሮቲኑ ያን ያህል አይለያይም፤ የአበሻው ደግሞ ትንሽ ነው። የጣዕም ምርጫ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለወደደው ይከፈልበት። በእንቁላል ራሱን ለመቻል ያሰበ ቤተሰብ ግን ማወቅ ያለበት፣ የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60፣ የተሻሻለችው ደግሞ ከ250 በላይ እንደምትጥል ነው። ያቺ የተሻሻለች ዶሮ ግን ዘሯ ከባሕር ማዶ ነው፤ ሳሶ ከፈረንሳይ፣ ቦቫንስ ብራውን ከኔዘርላንድስ። ከጓሮ የተሰበሰበው እንቁላል ጀርባ ዓለም አቀፍ የዶሮ ዝርያ ኩባንያ አለ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው «ከቅርብ የመጣ ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት ነው፤ ጉዳት የሚያስከትለውም እሱ ነው። የከተማዋ ቅጠላ ቅጠል ብዙው በአቃቂና በገባሮቹ ዳርቻ ይመረታል፤ ወንዞቹ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅና የጋራዥ ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዚያ ውሃ በጠጡ ሰላጣና ጎመን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ያነሳል፤ ተክሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት ግን አያወጣም።

ወተትም እንዲሁ ነው። ከጎረቤት ላም በጠዋት ታልቦ፣ በጄሪካን እየሞቀ ለሚመጣ ወተት የሚሰጠው ክብር ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ፣ ከላምበረት ወጥቶ በካራ በኩል የሚደረስባትን ሰንዳፋን ጨምሮ፣ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሯል። ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የሚቀለቡት የኑግ ፋጉሎ ነው። እርጥብ ቦታ የተከማቸ ፋጉሎ ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም ጉበት ይጎዳል። ማፍላት የከብት ነቀርሳንና የብሩሴላ ጀርምን ይገድላል፤ ስለዚህ መፍላቱ ግድ ነው። አፍላቶክሲን ግን በመፍላት አይጠፋም። መፍትሔው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ መጋዘን ማስቀመጥ፣ የሻገተውንም መጣል ነው። ላም አርቢውን «ፋጉሎህን የት ነው የምታስቀምጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን እምብዛም የለም።

«ከሩቅ የተጫነ ምግብ የአየር ንብረትን ይጎዳል» የሚለው ከውጭ የመጣ ክርክር በአጭሩ ይታለፍ። ዌበርና ማቲውስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ምግብ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ምግብ ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ትራንስፖርት በጠቅላላው የያዘው 11 በመቶውን ብቻ ነው፤ ከአምራች እስከ ሱቅ ያለው ጉዞ 4 በመቶ ሲሆን፣ ትልቁ ድርሻ የምርቱ ነው።

ታዲያ የጓሮ እርሻ ከንቱ ነው? በፍጹም። የአበሻ ጎመን ዘሩ እዚሁ አገር የተገኘ ሲሆን፣ የታችኛው ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ሲበላ ከላይ እያወጣ ለወራት ይቆያል። ንጹሕ አፈር በተሞላ ጆንያ ላይ፣ በቧንቧ ውሃ ወይም በክረምት ከጣሪያ በተጠራቀመ ዝናብ፣ ጥቂት ሥር ጎመን የአንድን ቤት የሳምንት ቅጠል ወጪ ያቃልላል። ጤና አዳም፣ በሶብላና ጌሾ ብዙ ቦታ አይፈልጉም። የእንሰት ተክል ያለው ግቢ ለድፎ ዳቦ ኮባ ፍለጋ ገበያ አይወጣም።

ጎመኑ የማይሰጠው ነገር ግን አለ፤ አዮዲን። የደጋው አፈር በዝናብ ሲታጠብ ኖሮ አዮዲኑ ያነሰ ስለሆነ፣ በዚያ የበቀለ ሰብልም ይጎድለዋል። ቀድሞ በየገጠሩ እንቅርት የበዛው ሰው የአካባቢውን ብቻ ይበላ ስለነበር ነው። በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአፋር፣ ከአፍዴራ ተጭኖ የሚመጣው ጨው በየጓዳው አዮዲን ይዞ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። አዮዲኑ በእርጥበትና በሙቀት ስለሚባክን፣ ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ቢቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ይመረጣል።