ከበዓል ቢላዋ የተረፈችው የሥጋ ዶሮ፦ ተረትና እውነታ

በባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ፣ በዓል ሲደርስ ልጆች አልቅሰው የሚያስተርፏት ዶሮ አትጠፋም። የሀበሻ ዶሮ ከሆነች ጭራ ታድራለች። ነጭ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጥቂት ተራምዳ ቁጭ የምትል የሥጋ ዶሮ ከሆነች ግን ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ይሆናል። ምክሩም ብዙውን ጊዜ ለሀበሻዋ የሚሆን ነው።

«እነዚህ በመርፌ ያበጡ ናቸው፤ ከ45 ቀን በላይ አይኖሩም» ይባላል። መርፌ የለም። ቶሎ የሚከብዱት ለብዙ አሥርት ዓመታት እየተመረጡ ስለተዳቀሉ ነው። የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1957፣ በ1978 እና በ2005 እ.ኤ.አ. የነበሩትን ዝርያዎች አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳደጓቸው። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ 905 ግራም ሲመዝን የ2005ቱ 4,202 ግራም ደረሰ። ልዩነቱ ከዘር ነው። 45 ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀጠሮ ነው፤ በአግባቡ የተያዘች ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች፤ የሀበሻዋን ያህል ባትሰነብትም።

«ከሞት ተርፋ ደግሞ ትራብ?» በእኔ እምነት አብዛኞቹን የሚገድላቸው ይህ ደግነት ነው። የሥጋ ዶሮ ጥጋብ አታውቅም፤ ፊቷ ያለውን ሁሉ ትበላለች። ሥጋዋ ሲከብድ እግሯ ይከዳታል፣ ልቧና ሳንባዋም አይችሉትም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከቆላው ይልቅ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ የልቧም ሸክም ይብሳል። መጨረሻው ሆድ ውኃ መቋጠር ነው። ብድግ አድርጋችሁ ሆዷን በመዳፍ ዳብሱ፤ ውኃ እንደሞላ ላስቲክ ከተርገበገበ፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ከጠቆረ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። የሥጋ ጫጩት አስፈልፋዮች እንኳ እናቶቹን የሚያኖሩት መኖ እየመጠኑ ነው። እናንተም የማድለቢያውን መኖ ተዉት፤ የቄብ መኖ ጠዋትና ማታ በልክ ስጧት፤ እንቁላል ስትጀምር ወደ እንቁላል ጣይ መኖ ቀይሩላት። በአንድ ዕቃ ከማቅረብ ግቢው ላይ በትኖ ማስጫር ይሻላል፣ እየተራመደች ትብላ። ጎመን ይጨመርላት፤ እንጀራ ፍርፋሪና ጉርሻ ይቅርባት። ውኃ ግን ምንጊዜም አይጓደልባት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጥላም ጭምር።

«ዶሮ ቆጥ ትወዳለች» የሚለው ለቀላሏ እውነት ነው። ይህቺኛዋ ከቆጥ ስትዘል እግሯን ትጎዳለች። ማደሪያዋ መሬት ላይ፣ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ላይ ይሁን። ክረምት ላይ ጉዝጓዙ ቶሎ ይረጥባል፤ ሳይሸት መቀየር ነው። መርገጫዋን ገልብጣችሁ እዩ፤ ጥቁር ቅርፊት ካለ የእግር ቁስል ጀምሯል።

«ፈንግል ከገባ ቴትራሳይክሊን ውኃዋ ላይ በጥብጥ» የሚለው ምክር የትም ሰፈር አለ። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም አያድኑትም። ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ለአንዲት ዶሮ ብሎ የሚከፍትላችሁ ላይኖር ይችላል። ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጣችሁ የሁሉንም ዶሮ አንድ ላይ አስከትቡ። በመጠጥ የሚሰጠው ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ከተበጠበጠ ይከሽፋል፤ ከብልቃጡ የተረፈውም ለሌላ ቀን አይቀመጥም።