ባትሪ የለውም ሲሏችሁ ጣሪያውን እዩ

በመካከላችን ይቅርና፣ አንድ ሰው ባትሪ የሌለው ታግ (ከሬዲዮ ሞገድ ኃይል የሚለቅም ትንሽ መሣሪያ) ፊት እጁን እያወዛወዘ መብራት ሲያበራ ካያችሁ፣ እጁን ተዉትና ጣሪያውን ተመልከቱ። እዚያ የተሰቀለው ጠፍጣፋ አንቴና ሽቦው ተጎትቶ ሶኬት ውስጥ ገብቷል። በአሜሪካ ደንብ የሚረጨው ኃይል በአንቴናው አቅጣጫ ተሰልቶ እስከ 4 ዋት ይፈቀድለታል፤ ታጉ ከዚያ ለቅሞ የሚያገኘው በማይክሮዋት የሚቆጠር ፍርፋሪ ነው። ባትሪው የለም፤ ኤሌክትሪኩ ግን የትም አልሄደም።

ብልሃቱም ቢሆን የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሞስኮ ውስጥ ለአሜሪካ አምባሳደር በስጦታ በተሰጠው የእንጨት ማኅተም ውስጥ የሌዎን ቴርሚን መሰለያ ተቀብሮ ነበር። ባትሪ አልነበረውም፤ ሶቪየቶች ከውጭ ሞገድ ሲለቁበት ብቻ ይነቃል። የተደረሰበት በ1952 ነው።

በእውነት የሚያስቀናኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያትል ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ኦልሲ ነው። የራሱ አንቴና ጣሪያ ላይ ባይኖርም፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያ የሚመጣውን ሞገድ መጠቀም ይችላል። የዚያው ቤት ሰዎች ከዓመት በፊት ያሳዩት ዋይሲ የዋይፋይን የድግግሞሽ ለውጥ ያሰላ ነበር፤ እሱ ደግሞ ኃይል ይበላል። ኦልሲ ድግግሞሹን እርግፍ አድርጎ ተወው። መቀበያው ዳዮድ፣ ካፓሲተር፣ ሬዚስተር፣ በቃ። የሚያየው የሞገዱን ጥንካሬ ብቻ ነው። እጅ ሲቀርብ መዋዠቁ ይሰፋል፣ ሲርቅ ይጠባል፤ መግፋትን ከመሳብ የሚለየው በዚህ ነው። 8 የእጅ እንቅስቃሴዎችን እስከ 97 በመቶ በትክክል ለይቷል፤ ኪስ ውስጥ ካለ ኔክሰስ ኤስ ስልክ ጋርም ሠርቷል።

የማይወራው ደግሞ ይኸውላችሁ። ትእዛዝ እንዲቀበል መጀመሪያ እጅን ደጋግሞ በፍጥነት ማወናጨፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጢሙን ያከከ ሁሉ ቴሌቪዥን ያጠፋል። (እኛ ለእንግዳ በምናቀርበው ማሳያ ላይ ማንም ጢሙን አያክም።) ታጉ ቆዳ ላይ በቀጥታ ከተለጠፈም ይደነቁራል፤ ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነውና ሞገዱን ይውጠዋል፣ አንቴናውንም ከቅኝቱ ያወጣዋል። ስለዚህ በመካከል ስስ ስፖንጅ እንሸጉጣለን። ከኋላ የሚያልፍ ሰውም ሞገዱን ያንጸባርቃል፤ ታጉ ደግሞ ያ የማን አካል እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንግዶቻችንን «እባካችሁ አረፍ በሉ» ብለን ወንበር የምንስበው ለእግራቸው አዝነን ብቻ አይደለም።