እውነት ወይስ ተረት? በደም ሥር ስለሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ ብረት

ሐኪም «ፔት ስካን ያስፈልግዎታል፤ ራዲዮአክቲቭ ጋሊየም በደም ሥር እንሰጥዎታለን» ካለ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤቱ በወሬ ይሞላል። አንዱ «ብረት ደም ውስጥ ገብቶ አይወጣም» ይላል፤ ሌላው «ጨረሩ ራሱ ካንሰር ያመጣል» ብሎ ያስፈራራል። ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄዱ፣ አሜሪካና እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ምርመራ ስም ፊት ለፊት የሚጋፈጡት ይህንን ወሬ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሰው ምርመራውን ፈርቶ ሲቀር ካንሰሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቀራልና ወሬውን አንድ በአንድ ማጣራት ግድ ነው።

«ብረቱ እንደ እርሳስ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል»

ተረት። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጋሊየም-68 ብዙውን ጊዜ 150 ሜጋ ቤክሬል ገደማ ነው። ይህ ወደ ክብደት ሲለወጥ አንድ ግራም ለ10 ቢሊዮን ቦታ ተከፍሎ አንዷ ክፋይ ያህል ነው። እሷም ብትሆን ጋሊየም ሆና አትቆይም፤ በየ68 ደቂቃው ግማሿ ትፈርሳለች። ፈርሳ የምትሆነው ደግሞ ዚንክ ነው፤ ከሥጋና ከጥራጥሬ በየቀኑ የምናገኘው፣ ጨረር የሌለው ዚንክ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከመጀመሪያው ጋሊየም ከ2 ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይተርፍም። በሽንት የሚወጣው በዚህ ስሌት አልገባም።

ዕድሜው እንዲህ አጭር ከሆነ ታዲያ ከየት ይመጣል? ብዙ ሆስፒታሎች የሚገዙት እናቱን፣ ጀርማኒየም-68ን ነው። የእሱ ግማሽ ዕድሜ 271 ቀን ነው። በወፍራም እርሳስ በተከበበ ዕቃ ውስጥ፣ በጠባብ ቱቦ በታጨቀ ደቃቅ ነገር ላይ ተጣብቆ ቀንና ሌሊት ወደ ጋሊየም ይለወጣል። ጠዋት ባለሙያው በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በቱቦው ውስጥ ያሳልፋል፤ ጀርማኒየሙ እዚያው ይቀራል፣ ጋሊየሙ ከአሲዱ ጋር ይወርዳል። የሙያው ሰዎች ይህን ሥራ «ማለብ» ይሉታል፤ በ4 ሰዓት ገደማ ግቱ እንደገና ይሞላና ዳግም ይታለባል። የታለበው ጋሊየም ከተሸካሚ ሞለኪውል ጋር ይደባለቃል። ሞለኪውሉ በአንድ ጫፉ ብረቱን ከየአቅጣጫው ቆልፎ ይይዛል፤ በሌላው ጫፉ የካንሰሩን ሕዋስ ይፈልጋል። ከዚያ ፍተሻ ይደረጋል፤ ሳይያዝ የቀረ ጋሊየም ከተፈቀደው በላይ ከተገኘ መድኃኒቱ ይጣላል እንጂ ለሕመምተኛ አይሰጥም።

«ጨረሩ ካንሰር ያመጣል፤ ፀጉርም ይረግፋል»

የፀጉሩ ነገር ፍጹም ተረት ነው፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ተደባልቆ የመጣ ወሬ ነው። ጨረሩን በተመለከተ ግን «ምንም የለውም» ማለትም ትክክል አይደለም፤ መጠኑን መናገር ይሻላል። ከጋሊየሙ የሚገኘው ጨረር 3 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ማንም ሰው ከአፈር፣ ከአየር፣ ከሰማይና ከምግብ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። አብሮ የሚነሳው ሲቲ ስካን የራሱን ይጨምራል።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጥናት አለ። በ2020 ላንሴት ላይ የወጣው የአውስትራሊያ ጥናት 302 ወንዶችን አካቷል፤ ሁሉም ከፍተኛ ሥጋት ያለው የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ፣ በሲቲ ስካንና በአጥንት ስካን ተመረመሩ፤ ግማሾቹ በጋሊየም ፔት። የካንሰሩን መሠራጨት በመለየት ጋሊየሙ 92 በመቶ ትክክል ሲሆን የተለመደው 65 በመቶ ነበር። ጨረሩስ? በጋሊየም ፔት ከሲቲው ጋር 8.4 ሚሊሲቨርት፣ በተለመደው ምርመራ 19.2። «አዲሱ ያስፈራል፣ የድሮው ይሻላል» የሚሉ ልጆች ይህን ቁጥር ለአባታቸው ሲሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ይህ ስሌት ግን ለሁሉም ብረት አይሠራም። ለፔት የሚያገለግል ሌላ ብረት፣ ዚርኮኒየም-89፣ ግማሽ ዕድሜው 78 ሰዓት ነው፤ በደም ውስጥ ቀስ ብለው ለቀናት ከሚዞሩ አንቲቦዲዎች ጋር የሚጣመረው ለዚህ ነው። ከእሱ የሚገኘው ጨረር ከጋሊየም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መዳብ-64 በመካከል ነው፤ 12.7 ሰዓት። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ደግሞ መርፌው ሳይሰጣት በፊት መናገር አለባት፤ ይህ ወሬ ሳይሆን መመሪያ ነው።

«ለፔት ስካን የግድ መጾም አለ፤ የስኳር ሕመምተኛ አይችልም»

ይህ የመጣው በፍሎሪን-18 ምልክት በተደረገበት ስኳር ከሚሠራው ፔት ነው። እዚያ የደም ስኳር መጠን ወሳኝ ነው። ለፕሮስቴት በሚሰጠው ጋሊየም ግን ስኳሩ አያገባውም፤ የሚፈለገው ውሃ በደንብ መጠጣትና ከምርመራው በፊት መሽናት ነው።

«ይኸው ብረት ካንሰሩን ያክመዋል»

ጋሊየም አያክምም፤ ያሳያል እንጂ። የሚያክመው ሌላ ብረት ነው፤ ሉቴሺየም-177። ጋሊየሙ ካንሰሩን አግኝቶ ከያዘው ሐኪሙ ተመሳሳይ ተሸካሚ ላይ ሉቴሺየምን ይጭናል፤ ሉቴሺየሙ በአጭር ርቀት የሚጓዝ ቤታ ጨረር ይለቅና ሕዋሱን ከቅርብ ይመታል። አሜሪካ ይህን ሕክምና ለኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች በ2018፣ ለፕሮስቴት በ2022 ፈቅዳለች። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከምርመራ ክፍል ሲወጣ «ታከምኩ» ብሎ ቤቱ የሚገባም አይጠፋም።

«ሥዕሉ ላይ ያበራ ሁሉ ካንሰር ነው»

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ተረት ይሄ ነው፤ የጨረሩ ወሬ ሰውን ያስፈራዋል፣ ይሄኛው ግን ያልሞተውን ያስለቅሳል። የምርመራውን ውጤት በስልክ ተቀብሎ ምስሉን ለዘመድ ሁሉ የሚልክ ሰው ከምስሉ ላይ ጉንጮቹ፣ ኩላሊቶቹና ፊኛው ደምቀው ሲያይ «አለቀልኝ» ይላል። የፕሮስቴቱ ጋሊየም የሚፈልገው ፕሮቲን ግን በምራቅና በእንባ ዕጢዎች፣ በኩላሊትና በትንሹ አንጀት በጤናማ ሰውም ላይ አለ። ፊኛ የሚያበራው መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ብቻ ነው። እየዳነ ያለ የጎድን አጥንት ስብራት ያበራል፤ በሆድ ውስጥ ያሉ የነርቭ ጉብታዎችም ያበራሉ፤ ልምድ የሌለው ዐይን ካንሰር የደረሰበት ንፍፊት ይመስለዋል። በስኳሩ ፔት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ልክ እንደ ካንሰር ይደምቃል። ነቀርሳ ባለበት እንደኛ ባለ አገር የኖረ ሰው የድሮ ሕመሙንና የወሰደውን መድኃኒት፣ ወድቆ ከነበረም መውደቁን፣ ሥዕሉን ለሚያነበው ሐኪም ሳይጠየቅም መንገር ይኖርበታል። ያበራው ቦታ አጠራጣሪ ሆኖ ሕክምናውን የሚለውጥ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል።

የዚህ ተረት መንታም አለ፤ «ምንም ካላበራ ነጻ ነኝ» የሚለው። ከጥቂት ሚሊሜትር ያነሰ ዕጢ ለመሣሪያው አይታየውም። ከፕሮስቴት ካንሰሮች መካከልም ያንን ፕሮቲን ጨርሶ የማያወጡ አሉ፤ ጋሊየሙ የሚይዘው ነገር ስለሌለው አጠገባቸው አልፎ ይሄዳል። እንዲህ ሲጠረጠር ሐኪሙ በስኳሩ ፔት ደግሞ ያያቸዋል።