የ3 ሰከንድ ሥራ

ማስታወቂያው ሲያልቅ የድርጅቱ ሎጎ ብቅ ብሎ ይጠፋል። 3 ሰከንድ ቢቆይ ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን አንዱ ሰከንድ 25 ምስል ይይዛልና 3ቱ ሰከንድ 75 ምስል ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የፈጠራ ስታርትአፕ ለብራንድና ለሞሽን ዲዛይን የተቀበለው ኢንተርን በእነዚህ 75 ምስሎች ሁለት ቀን ቢያጠፋ አይግረማችሁ።

ኢንተርኑ አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው ፕሮግራም ሎጎው የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ኪፍሬም ይባላል። ስሙ ካርቱን በእጅ ይሣል ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፤ ያኔ ዋናው ሠዓሊ ቁልፍ ቁልፉን ምስል ይሥላል፣ መካከሉን ጀማሪዎቹ ይሞላሉ። ዛሬ መካከሉን ኮምፒውተር ስለሚሞላው ቁልፉ ለጀማሪው ደርሶታል። ኮምፒውተሩ ግን ዝም ከተባለ ሎጎውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፍጥነት ይጎትተዋል፤ እንደዚያ የሚሄድ ነገር ደግሞ በዙሪያችን እምብዛም የለም። ቡና ከጀበና ሲቀዳ፣ ትከሻ ለእስክስታ ሲነሣ፣ ኳስ ሲነጥር የሚፈጥንበትና የሚዘገይበት ጊዜ አለው። ስለዚህ ልጁ የፍጥነቱን መስመር ያጎብጣል፣ 2 ምስል ይቀንሳል፣ 3 ምስል ይጨምራል፣ ደግሞ ያያል። የባንክ ሎጎ ረጋ ብሎ ሲያርፍ ሰው ያምነዋል፤ የሕፃናት ፕሮግራም ሎጎ ነጥሮ ቢቆም ያምርበታል። ለእኔ ብራንድ ከቀለሙ እኩል በዚህ አስተራረፍ ይታወቃል።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት ነው፤ ሌየሮችን መሰየም፣ ቀለሙን ከብራንድ መመሪያው ጋር ማመሳከር፣ አንዱን ቪዲዮ ለዩቲዩብ በ16 በ9፣ ለቲክቶክ በ9 በ16 ሬንደር ማድረግ።

ልቤ የሚሄደው ሥራው ፊደላችን ላይ ሲደርስ ነው። በላቲን የተዘጋጀ መመሪያ ርዕስ በካፒታል ይሁን ካለ፣ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ ጉልህነቱን ከውፍረት፣ ከመጠን ወይም ከእንቅስቃሴ ማምጣት ግድ ይላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዩኒኮድ ውጪ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት እስከ ዛሬ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ፊደሉ ግን የራሱን እንቅስቃሴ ይዞ የመጣ ነው። «በ» ከወገቧ በስተቀኝ እጅ ስታወጣ «ቡ» ትሆናለች። እጁ ወደ እግሯ ሲወርድ «ቢ»፣ ቀኝ እግሯ ሲረዝም «ባ»፣ እግሯ ሥር ቀለበት ሲበቅል «ቤ»። ከላቲኑ «A» ወደ «B» እንዲህ ያለ መንገድ የለም። ኢንተርኑ 7ቱን ቤቶች በአንድ ሎጎ ሊያሳልፋቸው ሲነሣ በየቱ ላይ ስንት ምስል እንደሚቆይ ከሌላ ቦታ አይፈልግም፤ ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ የሚያዜሙትን ድምፅ ከሥር ያስገባና ኪፍሬሞቹን በዜማው ላይ ያስቀምጣል።