ከሌዘሩ በፊት ያሉት ሰዓታት

የዓይን ብሌን ቆስሎ አልድን ሲል፣ ሰመራም ይሁን አዋሽ፣ «አዲስ አበባ በሌዘር ያድኑታል» የሚል ወሬ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚወራለት ሕክምና ግን ሌዘር አይደለም፤ ብሌኑ ላይ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ አድርጎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ማብራት ነው። ኤክሳይመር የሚባለው ሌዘር በዋናነት የሚያገለግለው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ላይ ላዩን የቀረ ጠባሳ ለመላጥ ነው። ብርሃኑም ቢሆን ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም። ሕንድ ማዱራይ በሚገኘው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በፈንገስ ቁስል ላይ ተሞክሮ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ብርሃን ያገኙት ሕሙማን እይታ መድኃኒት ብቻ ካገኙት አንሶ ተገኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚባክነው ጊዜ ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ ከአሚባራ እስከ ዱብቲ፣ አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ ሞልቷል። እሾሁ ዓይን ሲጭር ጉዳቱ ቀላል ይመስላል፤ እረኛው ዓይኑን አሽቶ ከብቱን መንዳቱን ይቀጥላል። ጊዜው ምን ያህል እንደሚወስን የኔፓል ልምድ ያሳያል፤ ባክታፑር ውስጥ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ብሌናቸው ለተጫረ ሰዎች ተራ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይሰጡ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በ18 ሰዓት ውስጥ ቅባቱን ከጀመሩት 284 ሰዎች የአንዱም ዓይን አልቆሰለም። ከአንድ ቀን በላይ ከዘገዩት ግን ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ቆስለዋል።

መዘግየቱን የሚያከፋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን የተባለ የስቴሮይድ ጠብታ ነው። ቅላቱ ይጠፋል፣ ሕመሙ ይታገሳል፣ ሰውየውም ድኛለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ በተለይ ፈንገስ ከሆነ ያኔ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ብሌኑ ከተበሳ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ንቅለ ተከላ ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ብሌን እያሰባሰበ ቢሆንም፣ ንቅለ ተከላው ለወራት ጠብታና ተደጋጋሚ ክትትል ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አፋር ውስጥ ሰርዶ አካባቢ ከመንጋው ጋር ለሚዘዋወር ሰው ይህን መከታተል እጅግ ከባድ ነው። ችግሩም ትንሽ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 7.8 በመቶው ከትራኮማ ውጭ የመጣ የብሌን ጠባሳ ነበር።

ለአፋር የዓይን ሕክምና በጀት ሲመደብ ከማሽኑ በፊት የሰርዶ ጤና ኬላ ይታሰብ፤ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሳይቋረጥ ይድረሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዓይኑን እሾህ የጫረው ሰው በዚያው ቀን እንዲመጣላት ለእረኞቹ አስቀድማ ትንገር።