የሳንቲማችን ሥዕልና የገበሬው ስፍራ

ገንዘብ በእጅ የሚያዝ የመንግሥት ቃል ነው። አዋጅ የማያነብና መጽሐፍ የማይገልጥ ሰው እንኳ በመዳፉ ያለውን ሳንቲም ገልብጦ ያየዋል፤ በእርሱም ላይ ከተቀረጸው ሥዕል መንግሥቱ ምን እንደሚያከብርና ሕዝቡን በምን መልክ እንደሚያስብ ይረዳል። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ገንዘቡን አስመጥቶ የመልኩንና የጽሕፈቱን ባለቤት መጠየቁን ሊቃውንት ያውቁታል። እንግዲህ የገንዘብ ሥዕል በገዥና በተገዥ መካከል የቆመ ማኅተም መሆኑ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም።

አሁን በእጃችን የሚዞሩት ሳንቲሞች ሥዕላቸው የተወሰነው በ1969 ዓ.ም. ነው። በአንድ ገጻቸው ዘውድ የሌለው የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው ገጽ በ1 ሳንቲም ላይ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፥ በ5 ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፥ በ10 ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን፥ በ25 ሳንቲም ላይ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፥ በ50 ሳንቲም ላይ ልዩ ልዩ ሰዎች በአንድነት ቆመው ይታያሉ። ይህን ያሳተመው የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ሥዕሎቹ አልወደቁም፤ ከዚያም በኋላ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ እየተለወጠ በዚያው መልክ ታትመዋል። በ2002 ዓ.ም. ባለ ሁለት ቀለሙ የ1 ብር ሳንቲም ሲጨመር በጀርባው የፍርድ ሚዛን ተቀረጸበት። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብር ሲወጣ፥ ሳንቲሞቹን የነካቸው አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የሳንቲሞቻችን ሥዕል ይታደስን? ወይስ እንደ ነበረ ይቈይ?

ይህን ለመመለስ ከደብረ ታቦር የተሻለ መነሻ አይገኝም። በራስ ጉግሣ ዘመን የተቈረቈረችው፥ ራስ ዐሊ የተቀመጡባት፥ ዓፄ ቴዎድሮስም ዋና ከተማቸው ያደረጓት ይህች ከተማ፥ ነገሥታትንና ገበያን ስታስተናግድ የራሷ የሆነ የተቀረጸ ገንዘብ አልነበራትም። በገበያዋ ላይ ለትንሹ ግዢ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበረ፤ ለትልቁ ደግሞ ማርትሬዛ። በዘመኑ በጋፋት ብረት ይቀልጥ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም እዚያው ተሠርቷል። ነገር ግን መድፍ ያወጣው ምድጃ አንዲት መሐለቅ አላወጣም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ የሚወጋቸው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ለስንቅና ለጭነት የሚከፍለውን ማርትሬዛ በቪየና ከተማ እያሳተመ ነበር። በንጉሡና በጠላታቸው መካከል የቆመው ባላገር የሚቀበለው ገንዘብ የሁለቱንም መልክ የያዘ አልነበረም፤ በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ነበረ እንጂ።

ይህ ነገር ያስደንቃል፤ ምክንያቱን ግን ልናስተውለው ይገባል። ባላገር ማርትሬዛን የወደዳት ንግሥቲቱን ስለሚያውቃት አይደለም፤ መልኳ ስለማይለወጥ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ የታተመው ሁሉ 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ ቀረ። ነጋዴው በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥር፥ በትከሻዋ ያለውን ፈርጥ ይመረምር፥ ከምስሏ በታች ያሉትን ፊደሎች ያስተያይ ነበር። አንዲቱ ነጥብ ደብዝዛ ያገኛት እንደ ሆነ ብሩን ይመልሰዋል። ጣልያኖች ይህን ባለማስተዋላቸው ሁለት ጊዜ ተሰናከሉ። በ1890 እ.ኤ.አ. በኤርትራ የንጉሣቸውን የኡምቤርቶን መልክ የያዘ ብር አወጡ፥ ሕዝቡም አልተቀበለው። በ1918 እ.ኤ.አ. ማርትሬዛን የምትመስል የሴት ምስል ያለበት ሌላ ብር አሳተሙ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። በመጨረሻ በ1935 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሊወጉ ሲነሡ የንግሥቲቱን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስደው በሮማ ራሷን ማርትሬዛን ለማተም ተገደዱ። መድፍና አውሮፕላን የያዘ መንግሥት በባላገር ዓይን ፊት ለሞተች ንግሥት መልክ እጅ ሰጠ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ የገንዘብ ሥዕል ኀይሉ በዐዲስነቱ ሳይሆን በታማኝነቱ ነው። ለለውጥ ብቻ ብሎ የሚለውጥ ሰው የሕዝቡን እምነት ያለ ዋጋ ይሸጣል።

ነገር ግን ይህን ብቻ ይዘን፥ እንግዲህ ምንም አይነካ ብንል፥ የራሳችንን የጥንት ታሪክ መርሳት ይሆንብናል። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ከእንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፥ በብርና በመዳብ የራሳቸውን መልክ ቀርጸዋል። በመጀመሪያ ከራሳቸው በላይ የነበረው ምልክት ጨረቃና ክበብ ነበረ። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ያን አስወግዶ መስቀልን አኖረ። ይህ የለውጥ ፍቅር አልነበረም፤ የአገሩ ሃይማኖት ተለውጧልና ገንዘቡ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ነበረ። ደግሞም ልብ እንበል፤ በብዙዎቹ የአክሱም ገንዘቦች ላይ የንጉሡን ራስ በግራና በቀኝ የከበቡት ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው። የገበሬው ፍሬ ከነገሥታት መልክ ጋር ጐን ለጐን የተቀመጠው ዛሬ አይደለም፤ ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ የነበረውንም ብናይ ይኸው ሥርዓት ይገኛል። ዓፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን ብር በፓሪስ ሲያሳትሙ በአንድ ወገን መልካቸውን፥ በሌላው ወገን ሰንደቅ የያዘውን አንበሳ አስቀረጹ፤ ክብደቱን ግን ሕዝቡ ከለመደው ከማርትሬዛ ጋር አስተካከሉት። እንዲህም ሆኖ በሰሜኑ ክፍል የሕዝቡ ልብ ከማርትሬዛ ቶሎ አልተላቀቀም። ከነጻነት በኋላ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ብርና ሳንቲም በመቶ ቤት ሲደነገግ፥ በ1936 ዓ.ም. ቀን የታተሙት ሳንቲሞች የዓፄ ኀይለ ሥላሴን መልክና ያንኑ አንበሳ ይዘው ወጡ። ከእነርሱም መካከል የመዳቡ 25 ሳንቲም ክብ ስለ ነበረ፥ አታላዮች በብር ቀለም እየለበጡ እንደ 50 ሳንቲም ያስተላልፉት ጀመር። መንግሥትም ይህን አይቶ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል አስጐደጐደው፤ ድኻውም፥ ዓይነ ስውሩም፥ ፊደል ያልቈጠረውም በጣቱ ዳስሶ ለየው። እነሆ፥ ምክንያት ያለው ለውጥ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ዛሬ ምክንያት አለን? ብለን ብንጠይቅ፥ አንድ ምክንያት እንዳለን እናምናለን፤ እርሱም የገበሬው ነገር ነው። በ1969 ዓ.ም. አራሹን በ1 ሳንቲም ላይ ያኖሩት ሰዎች፥ ከገንዘብ ሁሉ የሚበዛውና ወደ ድኻ እጅ የሚደርሰው ትንሹ ነው ብለው አስበው ይሆናል። ነገር ግን የዋጋ ንረት መጀመሪያ የሚበላው ትንሹን ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራው 1 ሳንቲም ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ 5ና 10 ሳንቲምም ተከትለውታል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይ እንኳ ሳንቲም ሲሰጡት የሚገዛበት ነገር የለውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ራሱ ብሩ አቅሙ ቀንሷል። ስለዚህ ማንም ሳያዝዝ፥ ማንም ሳይመክርበት፥ አራሹ ከሳንቲሞቻችን ላይ ወጥቶ ሄዷል። ዛሬ ከደብረ ታቦር ገበያ ወጥቶ ወደ ፋርጣ የሚመለስ ሰው በኪሱ የሚዛን ሥዕል ይዞ ይሆናል፤ የራሱን መልክ ግን በሳንቲም ላይ አይዝም።

ይህም ሰው ማን ነው? ከጉና ተራራ ሥር፥ ርብና ጉማራ ከሚነሡበት ደጋ፥ በውርጭ ማለዳ ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን የሚነዳ፥ በድንጋያማ ቍልቍለት ላይ ማረሻውን እየጠበቀ ገብስና ድንች የሚያመርት ነው። ከእርሱ በታች በፎገራ ሜዳ ወንድሙ ሩዝ ያመርታል። የመምህሩ ደመወዝ፥ የካህኑ ድርጐ፥ የከተማው እንጀራ መሠረቱ የእነዚህ ሰዎች ወዝ መሆኑን የሚክድ የለም። አገር የምትኖርበትን ሥራ ከሳንቲሟ ላይ ማጥፋቷ ባይታሰብበትም፥ ከታሰበበት በኋላ ዝም ማለት ግን ጥፋት ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ወደ ፊት ከ1 ብር በላይ የሆነ ሳንቲም የሚታተም ቢሆን፥ ወይም የ1 ብሩ ሳንቲም ዳግመኛ የሚቀረጽ ቢሆን፥ አራሹ ከወደቀበት ተነሥቶ በዚያ ላይ ይቀመጥ። አንበሳው ግን ከስፍራው አይነሣ። ከዓፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ዘውድ ሲጫንለትና ሲወርድለት፥ ሰንደቅ ሲያዝና ሲተው፥ በሥርዓቶች ሁሉ መለዋወጥ መካከል በሳንቲሞቻችን ላይ የቆየ እርሱ ነው። ማርትሬዛ ያስተማረችን የጽናት ትምህርት በአንበሳው ይጠበቅ፤ ዒዛና ያስተማረን እውነትን የመናገር ትምህርት በጀርባው ገጽ ይፈጸም።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ የደብረ ታቦር ሰው ሆናችሁ ሳለ ስለምን ሴባስቶፖልን አትጠይቁም? የሚል ነው። መድፉ የከተማይቱ ኩራት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የመሣሪያ ሥዕል በ5 ሳንቲም ላይ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ታይቷል፤ ይበቃዋል። ከጋፋት ልንወርሰው የሚገባን መድፉን ሳይሆን ምድጃውን ነው። ባለ እጅን ቀጥቃጭ ብሎ የሚንቅ ብዙ በነበረበት ዘመን፥ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሥራን ከዙፋናቸው አጠገብ አኑረው ነበርና። ማረሻውን የሚያወጣው ቀጥቃጭ ከሆነ፥ እርሱም ከአራሹ ቀጥሎ የሳንቲም ስፍራ ይገባዋል።

ሁለተኛው፥ ኢትዮጵያ ሁሉ አራሽ አይደለችም፤ አርብቶ አደሩስ? ሸማኔውስ? የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነውና መልሱን በአሳባችን ውስጥ ልናስገባው ይገባል። አንዱ ክፍል ግንቡን፥ ሌላው በሩን፥ ሌላው ጳጳሱን ወይም ጀግናውን በገንዘብ ላይ እንዲያኖር የጠየቀ እንደ ሆነ ክርክሩ መጨረሻ የለውም፤ የሥራ ሥዕል ግን ሰውን ከሰው አያጣላም። ስለዚህ የሳንቲሞቹ ጀርባ ለሥራዎች ይሁን፤ በአንዱ አራሹ፥ በአንዱ ግመል የሚነዳው፥ በአንዱ ሸማኔው፥ በአንዱ ቀጥቃጩ ይቀመጡ። ሁሉም የአንዱን ላብ በሌላው እጅ ላይ ያዩታል።

ሦስተኛው ወጪው ነው። የቀድሞውን ሁሉ ባንድ ቀን ሰብስቦ ማቅለጥ ግን ማንም አይጠይቅም። ያረጀው በእርጅናው ይውጣ፤ ዐዲሱ መታተም በሚገባው ጊዜ በዐዲሱ ሥዕል ይታተም። መጠኑና ጠርዙ በጣት የሚለይ ይሁን፥ ጽሕፈቱም ጐልቶ ይነበብ። የብሔራዊ ባንክ ሹማምንት ይህን ከመወሰናቸው በፊት የገበያ ሴቶችን፥ የአውቶቡስ ገንዘብ ተቀባዮችን፥ ዓይነ ስውራንንና ሙዳየ ምጽዋት የሚቈጥሩትን ካህናት ቢጠይቁ መልካም ይሆናል፤ ሳንቲምን ከእነርሱ አብልጦ የሚያውቅ የለምና። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ በእንዲህ ያለ አካሄድ የተለወጠ ገንዘብ የሕዝቡን እምነት አያናጋም።

በአክሱም ከተቀረጹት የመዳብ ገንዘቦች በአንዳንዶቹ ላይ፥ ይህ አገርን ደስ ያሰኝ የሚል ትርጕም ያለው አጭር የጽርእ ቃል ይነበባል። ወርቁ ለሩቅ ነጋዴ ሲሄድ መዳቡ በባላገር እጅ ይዞር ነበርና፥ ነገሥታቱ ያን ቃል ከትንሹ ገንዘብ ላይ ማኖራቸው በዕውቀት ነው። የዛሬውም ሥራ በዚሁ ቃል ይመዘን። አገርን ደስ የሚያሰኛት፥ በመዳፏ ያለውን ሳንቲም ገልብጣ ስታይ የራሷን ሥራ ስታገኝበት ነው።